መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን የማይስት አርዱይኖ፦ የዲኤስ 3231 ሰዓት ሞጁል አገጣጠም

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የጓሮ ችግኝ ነው። በየማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ የውሃ ቫልቭ ከፍቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ በአርዱይኖ ኡኖ (ኮድ ተጭኖበት መሣሪያዎችን በሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ሠርቼ ነበር፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው ቦርዱ ራሱ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ካገኘበት ቅጽበት አንሥቶ ሚሊሴኮንዶችን እየደመረ 24 ሰዓት በሞላ ቁጥር ውሃውን ይከፍታል። ለተወሰኑ ቀናት እንደታሰበው ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በማግስቱ 6 ሰዓት ገደማ ሲመለስ ቦርዱ ቆጠራውን እንደ አዲስ ከዜሮ ጀመረ፤ ከዚያን ዕለት ወዲያም ውሃው በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ይከፈት ነበር። እኔ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤት በዋልኩበት ዕለት የውሃውን ድምፅ ስሰማ ነው።

ችግሩ የኮዱ አልነበረም። አርዱይኖ ኡኖ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ብቻ ነው። ያንንም ቢሆን የሚለካው ሴራሚክ ሬዞኔተር በተባለ እየተርገበገበ ጊዜ በሚያስቆጥር ርካሽ አካል ስለሆነ ለሰዓትነት የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም፤ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢዛነፍ እንኳ በቀን 86 ሴኮንድ፣ በወር ደግሞ ከ40 ደቂቃ በላይ ይሳሳታል። በዚህ ላይ የሚሊሴኮንዱ ቆጠራ 50 ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ በሰዓት የሚመራ ሥራ የሚሠራ ሰው ራሱን የቻለ ባትሪ ያለውና መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን የማያቋርጥ የሰዓት ሞጁል ያስፈልገዋል።

የትኛውን ሞጁል?

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ዲኤስ 1307 እና ዲኤስ 3231። ሁለቱም ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ነው፤ ይህ ቁጥር የተመረጠው በሁለት ሲካፈል፣ ሲካፈል ከ15 ጊዜ በኋላ በትክክል አንድ ላይ ስለሚደርስ ነው። ልዩነታቸው ክሪስታሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። የዲኤስ 1307 ክሪስታል ከቺፑ ውጭ የተሰካ ስለሆነና ሙቀትን የሚያካክስ ነገር ስለሌለው በወር አንድ ደቂቃ ገደማ መሳሳቱ የተለመደ ነው። ዲኤስ 3231 ግን ክሪስታሉን በውስጡ ይዟል፤ የራሱንም ሙቀት በየ64 ሴኮንዱ እየለካ እርግብግቢቱን ያስተካክላል። አምራቹ ከዜሮ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ የሚሰጠው ዋስትና ከሚሊዮን ሁለት እጅ ነው፤ ይህም በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የዋጋ ልዩነታቸው ይህን ያህል ስለማያጓጓ፣ ያለ ማመንታት ዲኤስ 3231ን ግዙ እላለሁ።

ስትገዙ በቺፑ ላይ የታተመውን አንብቡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤስኤን የሚል ከሆነ ከላይ የተባለው ነው። ኤም የሚል ከሆነ ክሪስታል የሌለበትና ትክክለኛነቱ ከሚሊዮን አምስት እጅ የሆነ ዓይነት ነው፤ እርሱም ለችግኝና ለደወል ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ ከፍላችሁ የወሰዳችሁት የትኛውን እንደሆነ ማወቁ ይጠቅማል።

ሽቦ ከመሰካታችሁ በፊት ባትሪው

ብዙ መመሪያዎች በቀጥታ ወደ ሽቦው ይሄዳሉ። እኔ ግን በጣም የተለመደው ሰማያዊ ሞጁል፣ ማለትም ዜድኤስ 042 የሚል የታተመበት፣ ሳይስተካከል ከ5 ቮልት ጋር እንዲገናኝ ስለማልፈልግ ከባትሪው ልጀምር።

ይህ ሞጁል በጀርባው ክብ የባትሪ ማስቀመጫ አለው፤ ቅርጹ በኮምፒውተርና በመኪና ቁልፍ ውስጥ የሚገኘውን ሲአር 2032 የተባለ ባለ 3 ቮልት ባትሪ በትክክል ይቀበላል። ነገር ግን ሞጁሉን የነደፉት ሰዎች ቻርጅ የሚደረገውን ኤልአይአር 2032 አስበው ስለነበር ከ5 ቮልቱ መሥመር ወደ ባትሪው የሚሄድ ቻርጅ ማድረጊያ መንገድ ሠርተውበታል። መንገዱ አንድ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ) እና አንድ ትንሽ የመስታወት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ብቻ ነው። ዳዮዱ 0.6 ቮልት ያህል ቢቀንስም ወደ 4.4 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ባትሪው ላይ ይደርሳል። ሲአር 2032 ቻርጅ ለመደረግ የተሠራ ባትሪ አይደለም፤ ያለማቋረጥ ሲገፋበት ያብጣል፣ ሊያፈስስም ሊፈነዳም ይችላል። ኤልአይአር 2032 እንኳ ቢሆን ጣሪያው 4.2 ቮልት ስለሆነ ለወራት እንዲህ ሆኖ መቆየት አይስማማውም። እኔ ራሴ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሳጥኑ ያወጣሁት አንድ ሞጁል ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ከማስቀመጫው በጣት አልወጣ ብሎኝ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዳዮዱ አጠገብ 201 የሚል ቁጥር የታተመበትን ጥቁር ሬዚስተር ፈልጉ፤ ቁጥሩ 200 ኦም ማለት ነው። ሁለቱን ጫፎቹን በብየዳ ብረት እያፈራረቃችሁ ስታሞቁት ይንሸራተትና ይወጣል። የብየዳ ብረት የሌላችሁ ከሆነ የመስታወቱን ዳዮድ በትንሽ መቁረጫ ለሁለት መክፈል ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ሰሌዳውን ላለመቧጨር ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ ባትሪ ሳታስገቡ ሞጁሉን ከ5 ቮልት ጋር አገናኙና በቴስተር የባትሪ ማስቀመጫውን ፖዘቲቭ ከጂኤንዲ (ከኔጋቲቭ መሥመሩ) ጋር ለኩ። ቀድሞ ከ4 ቮልት በላይ ያሳይ የነበረው አሁን ያን ካላሳየ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሲአር 2032ን ያለ ስጋት ማስገባት ትችላላችሁ። የፖዘቲቭ ምልክት ያለበት ሰፊው ፊት ወደ ላይ ይሆናል።

ሞጁሉን ከ3.3 ቮልት የምታገናኙት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ዳዮዱ ከቀነሰ በኋላ የሚቀረው 2.7 ቮልት ያህል ስለሆነ የ3 ቮልት ባትሪን ቻርጅ ሊያደርግ አይችልም። ዲኤስ 3231 ከ2.3 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ሁሉ ይሠራል።

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚል፣ ቺፑ በባትሪ ብቻ ሲቆጥር የሚወስደው ቢበዛ 3 ማይክሮአምፔር ነው፤ የአንድ ጥሩ ሲአር 2032 መጠን ደግሞ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ማካፈሉ ከ8 ዓመት በላይ ይሰጣል። በተግባር ባትሪው በራሱ ስለሚደክም ይህን ሙሉ በሙሉ አልጠብቅም፤ በየሦስት ዓመቱ እቀይራለሁ።

አራቱ ሽቦዎች

ማገናኘቱ ራሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሞጁሉን ጂኤንዲ ከቦርዱ ጂኤንዲ፣ ኃይል መቀበያውን ቪሲሲን ከ5 ቮልት፣ ሁለቱን የመረጃ መሥመሮች ማለትም ኤስዲኤን ከኤ4፣ ኤስሲኤልን ከኤ5 ጋር አገናኙ። ኤስኪውደብልዩ እና 32ኬ የሚሉትን ሁለት ፒኖች ለጊዜው ተዉአቸው። አርዱይኖ ሜጋ የያዘ ሰው ኤስዲኤን ከ20፣ ኤስሲኤልን ከ21 ያገናኛል። ኢኤስፒ 32 የተባለውን ሌላ ቦርድ የያዘ ደግሞ በተለምዶ ኤስዲኤን ከ21፣ ኤስሲኤልን ከ22 ጋር ያገናኛል፤ በዚህኛው ቦርድ ላይ ግን ቪሲሲ የግድ 3.3 ቮልት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሞጁሉ ላይ ያሉት ሬዚስተሮች ሁለቱን የመረጃ መሥመሮች ወደ ቪሲሲ ስለሚስቡ፣ 5 ቮልት ከሰጣችሁት የኢኤስፒ 32 ፒኖች ከሚችሉት በላይ ይደርስባቸዋል።

ሽቦዎቹን አጭር አድርጉ። ሞጁሉና ቦርዱ በሚነጋገሩበት አይቱሲ በሚባለው መሥመር ላይ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከላላ ጃምፐር (ተሰኪ ሽቦ) እና ከረጅም ሽቦ ነው፤ አንድ ክንድ የሚሞላ ሽቦ ከሞተር ኬብል ጎን ካስኬዳችሁ አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ሰዓት ታገኛላችሁ፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ደግሞ ጨርሶ ከማይሠራው ይልቅ ያደክማል።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሞጁሉ መታየቱን አረጋግጡ። በአርዱይኖ ፕሮግራሙ ውስጥ ዋየር ከተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ምሳሌዎች መካከል በመሥመሩ ላይ ያሉ ቺፖችን አድራሻ የሚፈልግ አጭር ኮድ አለ፤ እርሱን ጭናችሁ ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን ሲሪያል ሞኒተር ክፈቱ። በዚህ ሞጁል ላይ ሁለት አድራሻ መታየት አለበት። በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር 68፣ በተራ ቁጥር 104 የሆነው ሰዓቱ ነው፤ በአሥራ ስድስትዮሽ 57 የሆነው ደግሞ አብሮ የተሰካው 4,096 ባይት የሚይዝ ማስታወሻ ቺፕ ነው። ሁለቱም ካልታዩ መጀመሪያ ኤስዲኤና ኤስሲኤል ተቀያይረው እንደሆነ፣ ቀጥሎ ጂኤንዲ መገናኘቱን ተመልከቱ። 57 ብቻ ታይቶ 68 ከጠፋ ሽቦዎቻችሁ ደኅና ናቸው፤ የታመመው የሰዓቱ ቺፕ ነውና ሞጁሉን መልሱት።

ሰዓቱን አንድ ጊዜ መሙላት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አዲስ ሞጁል ሰዓቱን አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሊነገረው ይገባል። ከአዳፍሩት የሚወጣው አርቲሲሊብ የተባለው ላይብረሪ ይህን የሚያደርግ አጀስት የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ምሳሌው ኮድም ኮዱ በኮምፒውተራችሁ ላይ የተቀናበረበትን (ለመጫን ወደ ቦርዱ ቋንቋ የተቀየረበትን) ቀንና ሰዓት ወስዶ ለቺፑ ይሰጠዋል። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ትእዛዙን ቦርዱ በተነሣ ቁጥር በሚነበበው ሴትአፕ በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ከተዋችሁት፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ ኮዱን ወደጫናችሁበት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ባትሪው በታማኝነት የጠበቀውን ትክክለኛ ሰዓት ኮዳችሁ ራሱ ያጠፋዋል፤ ሰውየው ደግሞ ባትሪውን እየጠረጠረ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀይራል።

ትክክለኛው አሠራር ቺፑን ራሱን መጠየቅ ነው። ዲኤስ 3231 ቆጠራው ለአንድ አፍታም ቢሆን ከቆመ የሚያስታውስበት ምልክት አለው፤ ይህም በአሥራ ስድስትዮሽ 0ኤፍ በተባለው መዝገብ (በቺፑ ውስጥ አንድ ባይት የሚይዝ ቦታ) ውስጥ የመጨረሻው ከፍተኛ ቢት ነው። አርቲሲሊብ ይህን ሎስት ፓወር በሚባል ጥያቄ ያነብልናል። ስለዚህ በሴትአፑ ውስጥ መጀመሪያ ቤጊን በሚለው ትእዛዝ ሞጁሉ መኖሩን፣ ቀጥሎ በሎስት ፓወር ቆሞ እንደነበር ጠይቁ፤ መልሱ ቆሜ ነበር ከሆነ ብቻ አጀስት ይፈጸም። አጀስት ምልክቱን ራሱ ስለሚያጠፋው በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱ አይነካም።

እኔ ከዚህም አንድ ደረጃ እሄዳለሁ። ሰው በማይከታተለው ቦታ የሚሠራ መሣሪያ ከሆነ፣ ቺፑ ቆሜ ነበር ባለ ጊዜ የድሮውን የቅንብር ሰዓት እንዲሞላ አላደርግም፤ የውሸት ሰዓት ከመያዝ ውሃውን ዘግቶ ቀይ መብራት እያበራ ሰው ቢጠብቅ ይሻላል። ሰዓቱን የምሞላው በተለየ ኮድ ነው፤ ሞልቼ ስጨርስ ዋናውን ኮድ እጭናለሁ፤ በዋናው ኮድ ውስጥ አጀስት የሚል ቃል ከነጭራሹ የለም።

ኮዱ እስኪጫን ጥቂት ሴኮንዶች ስለሚያልፉ ሰዓቱ በዚያው ልክ ወደ ኋላ እንደሚቀር አትርሱ፤ ሴኮንዱ የሚያሳስበው ሰው ያንን ጨምሮ ይሙላ። የኮምፒውተራችሁ ሰዓት የተሳሳተ ከሆነም ስሕተቱ እንዳለ ይገለበጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት በበጋና በክረምት ስለማይቀየር የአካባቢውን ሰዓት እንዳለ መሙላት ችግር የለውም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ላሉ አንባቢዎች ግን ቺፑ ውስጥ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ሞልተው ልዩነቱን ሲያሳዩ ብቻ እንዲደምሩ እመክራለሁ፤ አለዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳጥኑን መክፈት ይመጣል።

ላይብረሪ ሳይጠቀሙ ማንበብ

ላይብረሪ ለሚጠቀም ሰው ናው የሚለው ትእዛዝ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሰብስቦ ስለሚሰጠው ይህ ክፍል ሊታለፍ ይችላል። ቢሆንም ቺፑን በቀጥታ አንብቦ መረዳት ደስ የሚል ነገር ነው፤ አንዴም ስሕተት ሲመጣ ምክንያቱን ያስገኛል። ከመዝገብ 0 ጀምሮ ሴኮንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የሳምንቱ ቀን፣ ቀን፣ ወርና ዓመት በተራ ተቀምጠዋል፤ ሰባት ባይት ናቸው።

ሴኮንዱን በቀጥታ አንብባችሁ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ ብታወጡት 7፣ 8፣ 9 ይልና ቀጥሎ 10 በማለት ፈንታ 16 ይላል። ከ25 ላይ ደግሞ ዘሎ 32 ይገባል፤ በደቂቃው መጨረሻም 89 ደርሶ ወደ 0 ይመለሳል። ቺፑ አልተበላሸም፤ የአሥር ቤቱንና የአንድ ቤቱን አሃዝ እያንዳንዳቸውን በአራት አራት ቢት ለየብቻ ስለሚጽፍ ነው። 59ን ሲጽፍ 5ን በላይኛው ግማሽ፣ 9ን በታችኛው ግማሽ ያስቀምጣል፤ ያን እንደ አንድ ቁጥር ያነበበ ሰው 5 ሲባዛ በ16፣ ሲደመር 9፣ ማለትም 89 ያገኛል። ስለዚህ የተነበበውን ለ16 አካፍላችሁ ድርሻውን በ10 አባዙና ቀሪውን ደምሩበት። ሰዓት ስትሞሉ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ።

ሰባቱንም ባይቶች በአንድ ንባብ ውሰዱ። ቺፑ ንባቡ ሲጀመር የሰዓቱን ቅጂ ለብቻው ስለሚይዝ በመካከል ደቂቃው ቢለወጥ እንኳ የምታገኙት እርስ በርሱ የማይጋጭ ሰዓት ነው። አንድ በአንድ እየጠየቃችሁ ካነበባችሁ ግን 59 ደቂቃን ከቀድሞው ሰዓት፣ ሰዓቱን ከአዲሱ ወስዳችሁ ለአንድ አፍታ የአንድ ሰዓት ስሕተት ልታሳዩ ትችላላችሁ።

በሰዓቱ መሥራት

የመጀመሪያው የችግኝ ኮዴ ከሰዓት ሞጁሉ ጋር ከተገናኘ በኋላም አንድ ጉድለት ነበረበት። ልክ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ክፈት፣ ልክ 12 ከ50 ሲሆን ዝጋ የሚል ነበር። መብራቱ 12 ከ40 ላይ ጠፍቶ 1 ሰዓት ላይ ቢመለስ የመዝጊያው ቅጽበት ስላለፈ፣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቀር ዓይነት ከሆነ ውሃው እስከ ማግስቱ ይፈስሳል። ኮዱ በየሴኮንዱ አሁን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ከ50 ባለው ውስጥ ነን ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ከሆንን ይክፈት፣ ካልሆንን ይዝጋ። እንዲህ ሲሆን መብራቱ በማንኛውም ሰዓት ቢመለስ ቦርዱ በመጀመሪያው ሴኮንድ መሆን ያለበትን ይሆናል። ቺፑ ውስጥ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረው ስለሆነ 12 ሰዓት ተኩል የሚጻፈው 6 ከ30 ተብሎ ነው።

ለሰው ዓይን ሲወጣ ግን በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ከ0 እስከ 23 ከሚሄደው ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉና ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉ። 7 ሰዓት የነበረው 1 ይሆናል፤ 18 የነበረው የምሽት 12 ይሆናል።

ቀኑ ትንሽ ይበልጥ ይጠይቃል፤ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለስሌት እጅግ የተመቸ ነው። መነሻ የሚሆነን መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ መዋሉ ነው። ከዚያ ዕለት ወዲህ ያለፉትን ቀናት ቁጠሩ፤ አርቲሲሊብ ሁለት ቀኖችን ቀናንሶ ይህን ይሰጣችኋል። ድምሩን ለ1,461 አካፍሉ፤ ድርሻው የአራት ዓመት ዙር ብዛት ነው። ቀሪውን ለ365 አካፍሉ፤ ድርሻው በዙሩ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ናቸው፤ ለ365 የምታካፍሉት ቁጥር ልክ 1,460 ሲሆን ብቻ ድርሻውን 3፣ የተረፈውንም 365 አድርጉት፤ ያ ቀን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የሚመጣው ጳጉሜ 6 ነው። የተረፈውን ለ30 አካፍላችሁ ድርሻው ላይ 1 ብትደምሩ ወሩን፣ ቀሪው ላይ 1 ብትደምሩ ቀኑን ታገኛላችሁ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025ን እንፈትን። ያለፉት ቀናት 6,327 ናቸው፤ አራት ዙር ወጥቶ 483 ይቀራል፤ አንድ ዓመት ወጥቶ 118 ይተርፋል፤ 118 ለ30 ሲካፈል ድርሻው 3፣ ቀሪው 28 ነው። አራተኛው ወር፣ 29ኛው ቀን፣ 2017 ዓ.ም.፤ ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት። ከወር ወር የሚለያይ የቀን ብዛት ሰንጠረዥ አላስፈለገንም።

ከመጨረሻው ግንኙነት በፊት መሣሪያውን ፈትኑ። ሰዓቱን ሙሉና ኤሌክትሪኩን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ተዉት። ስትመልሱት ሰዓቱ ከእጅ ስልካችሁ ጋር ካልተስማማ ባትሪውን፣ ከዚያ አጀስትን መርምሩ። ቀጥሎ ባትሪውንም ኤሌክትሪኩንም አውጥታችሁ መልሱ፤ አሁን ሎስት ፓወር ቆሜ ነበር ማለት አለበት። ይህን ካላለ የማስጠንቀቂያ መብራታችሁ መቼም አይበራም።

ከወር በኋላ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። በወር ከአምስት ሴኮንድ በላይ የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ ኤስኤን ሞጁል ካጋጠማችሁ ቺፑ ተመስሎ የተሠራ ወይም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ግን በአሥራ ስድስትዮሽ 10 የሚባለው መዝገብ ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ በመደበኛ የክፍል ሙቀት አንዱ እርከን ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል፣ ማለትም በወር ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይለውጣል። የሚፈጥነውን ሰዓት ለማዘግየት ፖዘቲቭ ቁጥር፣ የሚዘገየውን ለማፍጠን ኔጋቲቭ ቁጥር ጻፉበት፤ ከዚያ ሌላ አንድ ወር ቆይታችሁ እንደገና ለኩ።